«ምልክት»፣ «አመልካች» ወይስ «ጠቋሚ»? በሉፐስ ሳቢያ የሚመጣን የኩላሊት ሕመም ለመከታተል ስለሚያገለግሉ የሽንት ጠቋሚዎች አሰያየም

የሕክምና ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ከማያውቀው ቃል ይልቅ አብዝቶ የሚያውቀው ቃል ያሳስተዋል። የማያውቀው ቃል ቆም ብሎ እንዲያስብ ያስገድደዋል፤ የሚያውቀው ግን ሳይጠራ ቀድሞ ይደርሳል። «ምልክት» የሚለው ቃል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሕመምተኛው የሚሰማው ነገር ምልክት ይባላል፤ ሐኪሙ በዐይኑ የሚያየው ነገር ምልክት ይባላል፤ «ባዮማርከር» የሚለው ሙያዊ ቃል ሲመጣም ብዙ ተርጓሚዎች ይህንኑ ቃል ያቀርቡለታል። ውጤቱን ለማየት አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል። «ምልክቶች ሳይታዩ ምልክቶች ሊጨምሩ ይችላሉ» ተብሎ የተተረጎመ ማስገንዘቢያ የደረሳት ሕመምተኛ ምን ትረዳለች? ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ምንም አትረዳም፣ ወይ ምልክት ካላየች ደኅና መሆኗን ታምናለች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው። የዚህች ጽሑፍ ዓላማ በሉፐስ ሳቢያ የሚመጣውን የኩላሊት ሕመም በሽንት ምርመራ ስለ መከታተል በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ እንዲህ ያለው መደበላለቅ የሚያስከትለውን ጉዳት ማሳየትና ለመስኩ ዋና ዋና ፅንሰ ሐሳቦች ስያሜ ማቅረብ ነው።

ስያሜ ፅንሰ ሐሳብን ስለሚከተል በቅድሚያ ስለ ነገሩ ጥቂት ማለት ይገባል። ሉፐስ የሰውነት በሽታ መከላከያ ሥርዓት የገዛ ራሱን ኅብረ ሕዋስ እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያጠቃበት ሥር የሰደደ በሽታ ነው። ከዐሥር ሕሙማን ዘጠኙ ያህል ሴቶች ሲሆኑ፣ በብዛት የሚጀምራቸውም በመውለጃ ዕድሜያቸው ነው። ፀረ እንግዳ አካላት ዒላማቸው ከሆነው ነገር ጋራ ተጣብቀው በኩላሊት ጥቃቅን የደም ማጣሪያዎች ላይ ሲከማቹ በስፍራው ብግነት ይነሣል። ከሉፐስ ሕሙማን እስከ ግማሽ የሚደርሱት በሕመሙ ዘመን ይህ የኩላሊት ብግነት ያገኛቸዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከመቶ ከ10 እስከ 30 የሚሆኑት ኩላሊታቸው ሥራውን እስከ ማቆም ይደርሳል። ብግነቱ ድምፅ የለውም። እግር ሳያብጥ፣ ወገብ ሳያም፣ የሽንት መልክ ሳይለወጥ ማጣሪያው ሊጎዳ ይችላል።

በዚህ ምክንያት ሐኪሞች ሽንትን አዘውትረው ይመረምራሉ። ጤናማ ማጣሪያ ከእጅግ ጥቂት በቀር ፕሮቲን አያሳልፍም፤ የተጎዳው ግን ያሳልፋል። ሽንት እንደሚጠጣው ውኃ መጠን ስለሚቀጥንና ስለሚወፍር፣ የፕሮቲኑ መጠን ክሬያቲኒን ከተባለው ንጥረ ነገር ጋራ እየተነጻጸረ ይገለጻል። ክሬያቲኒን ከጡንቻ የሚመነጭና በየቀኑ በተቀራራቢ መጠን የሚወገድ ስለ ሆነ ለማነጻጸሪያ ይመቻል። በ24 ሰዓት የሚወጣው ፕሮቲን ግማሽ ግራም ሲደርስ ወይም ሲያልፍ ከኩላሊት ናሙና መውሰድ እንዲታሰብ የሙያው መመሪያዎች ያሳስባሉ። ናሙናው በጀርባ በኩል በሚገባ መርፌ ይወሰዳል፤ በአጉሊ መነጽር ታይቶም እ.ኤ.አ. በ2003 በተዘጋጀውና በ2018 በተሻሻለው ዓለም አቀፍ ምደባ መሠረት ከስድስት ክፍሎች በአንዱ ይመደባል።

ሆኖም በሽንት የሚወጣው ፕሮቲን አንድ ጉድለት አለበት። በመንደድ ላይ ያለ ብግነትም፣ ብግነቱ በርዶ የቀረ ጠባሳም ፕሮቲን ያስወጣሉ። የመጀመሪያው ጠንካራ መድኃኒት ይሻል፤ ለሁለተኛው ግን ያው መድኃኒት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ሁለቱን ለመለየት መርፌውን በየጊዜው እንዳይደጋግሙ የመድማት አደጋ አለ። ተመራማሪዎች በሽንት ውስጥ ሌሎች ፕሮቲኖችን የሚፈልጉት ስለዚህ ነው። ኤምሲፒ 1 የተባለው የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትን ወደ ብግነት ስፍራ የሚጠራ ፕሮቲን ነው። ሲዲ 163 ማክሮፋጅ ከተባሉት በላዒ ሕዋሳት ገጽ ተገንጥሎ ወደ ሽንት ይገባል። ኤንጋልን ደግሞ የኩላሊት ቱቦዎች በተጎዱ ጊዜ በብዛት ያመነጩታል። እነዚህ በየጥናቱ ተስፋ የሰጡ ቢሆኑም የኩላሊትን ናሙና የተካ እስካሁን የለም። ተርጓሚ ሊጠብቀው የሚገባው ቁም ነገር ይህ ነው፤ የሽንት ምርመራ ያሳያል፣ ነገር ግን አይፈርድም።

አሁን ወደ ስያሜዎቹ እንለፍ።

1. ባዮማርከር። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሥር የተቋቋመ አንድ የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ብያኔ መሠረት፣ ባዮማርከር የጤናማ ሂደት፣ የሕመም ሂደት ወይም የሕክምና ምላሽ ማሳያ ሆኖ ከግል ስሜት ነጻ በሆነ መንገድ የሚለካ ባሕርይ ነው። የፅንሰ ሐሳቡ መለያ «መለካት» መሆኑን ልብ ይሏል። «ምልክት» ግን በአማርኛ በስሜት ሕዋስ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ይታያል ወይም ይሰማል። ስለዚህ «ምልክት» ለቀድሞ አገልግሎቱ እንዲቆይና ለባዮማርከር ሌላ ቃል እንዲፈለግ ግድ ይላል።

በአማራጭነት የሚቀርቡት «አመልካች» እና «ጠቋሚ» ናቸው። «አመልካች» ከ«ምልክት» ጋራ አንድ ዘር ስላለው የሸሸነው መደበላለቅ ተመልሶ ይመጣል፤ በዚያም ላይ በጽሕፈት ቤት አማርኛ ማመልከቻ አቅራቢ ማለት ነው። «ጠቋሚ» የተለየ ዘር ያለው ሲሆን ተጨማሪ ፍቺውም ለጉዳያችን ይስማማል። በሰው ላይ ሲነገር ጠቋሚ ማለት «ያ ነው» ብሎ የሚያሳይ ነው፤ የጠቆመው ሁሉ ግን ጥፋተኛ አይሆንም፣ ምርመራ ይቀረዋል። ከላይ እንዳየነው የሽንት ጠቋሚም ነገሩ እንዲሁ ነው። በመሆኑም ቃሉ መጀመሪያ በሚነሣበት ቦታ «ሥነ ሕይወታዊ ጠቋሚ»፣ ከዚያ በኋላ «ጠቋሚ» እንዲባል እናቀርባለን። ያ የተምታታ ዐረፍተ ነገርም «ምንም ምልክት ሳይታይ ጠቋሚው ከፍ ሊል ይችላል» ተብሎ ይቃናል።

2. የጠቋሚ ዓይነቶች። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከብሔራዊ የጤና ተቋማት ጋራ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የቃላት መፍቻ ጠቋሚዎችን እንደ አገልግሎታቸው በሰባት ይከፍላል። ለያዝነው ጉዳይ ሦስቱ ይበቃሉ፤ በሽታው መኖሩን የሚያሳየው «መለያ ጠቋሚ»፣ በተከታታይ እየተለካ የበሽታውን ሁኔታ የሚያሳየው «የክትትል ጠቋሚ»፣ በሽታው ወደ ፊት ወዴት እንደሚያመራ የሚያሳየው «የአካሄድ ጠቋሚ» ናቸው። «ክትትል» በሚለው ቦታ «ቁጥጥር» መግባት የለበትም። «በሽታዋ በቁጥጥር ላይ ነው» የሚለውን የሚያነብ ሰው በሽታው የተገታ ይመስለዋል፤ የምንጭ ጽሑፉ የሚለው ግን በየጊዜው እየታየ መሆኑን ብቻ ነው።

3. ሰውነት የማይወጋ ምርመራ። የእንግሊዝኛው ቅጽል ከላቲን የመጣ ሲሆን በጠላትነት መግባትን ያመለክታል። ቃል በቃል «ወራሪ ያልሆነ» ቢባል የአማርኛ አንባቢ ጦርን ወይም አረምን ያስባል። «ዘልቆ የማይገባ» የሚለው ደግሞ ምርመራውን ጥልቀት የሌለው፣ ላይ ላዩን የሆነ ያስመስለዋል። ሕመምተኛዋ የምትፈራው መርፌውን ነው፤ የምትለውም «መወጋት» ነው። ስለዚህ በዚህ መስክ «ሰውነት የማይወጋ» ብሎ በግልጽ መናገር ይሻላል። በአፍ በኩል መሣሪያ ስለሚገባባቸው ምርመራዎች በሚጻፍበት ጊዜ ግን ይህ ስያሜ ስለሚጠብ «ወደ ሰውነት መሣሪያ ሳይገባ የሚደረግ» ተብሎ ይስፋ።

4. ፕሮቲን መሽናት። በግሪክኛ ባዕድ መድረሻ የተሠራውን የውጭ ቃል «ፕሮቲን አዘል ሽንት» ብለው የሚመልሱ አሉ። ይህ የሽንቱ ስም እንጂ የሁኔታው ስም አይደለም። ሕዝቡ «ደም ሸና» እያለ የኖረ ስለ ሆነ፣ «ደም መሽናት» በሚለው አምሳያ «ፕሮቲን መሽናት» ማለት ለሰዋስውም ለፍቺም ይስማማል። በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታወቀው ደም «በዐይን የማይታይ ደም መሽናት» ይባል።

5. የኅብረ ሕዋስ ናሙና። «ባዮፕሲ» እ.ኤ.አ. በ1879 ፈረንሳዊው ሐኪም ቤኒዬ «ሕይወት» እና «ማየት» ከሚሉ የግሪክኛ ቃላት ያዋቀረው ስያሜ ነው። በልማድ «ናሙና» እየተባለ ቢጠራም፣ ሽንቱም ናሙና ስለ ሆነ ሁለቱ በአንድ ገጽ ሲገናኙ ይምታታሉ። «የሽንት ናሙና» እና «የኅብረ ሕዋስ ናሙና» ብሎ መለየት ያስፈልጋል።

6. ማገርሸትና ጋብ ማለት። ለእነዚህ አዲስ ቃል መፈልሰፍ አያሻም። በሽታ «አገረሸ»፣ «ጋብ አለ» ማለት ከጥንት የነበረ አነጋገር ነው። «ጋብ አለ» በተለይ ተመራጭ የሚያደርገው «ዳነ» አለማለቱ ነው፤ የውጭውም ቃል መዳንን አያመለክትም።

7. ሉፐስ። ትርጓሜው በላቲን «ተኩላ» ነው። «የተኩላ በሽታ» ብሎ መመለስ ግን ንክሻን ከማስታወስ በቀር ስለ በሽታው የሚነግረው የለም፤ ስያሜው በዘመናት ውስጥ ለቆዳ ነቀርሳም ጭምር ሲያገለግል የኖረ ነውና። በውሰት «ሉፐስ» ተብሎ ይቆይ።

ከእነዚህ ሰባት ውስጥ ስድስቱ ከአማርኛው ቃላት የተገኙ ሲሆኑ አንዱ በውሰት ቀርቷል። ይህ የሆነው ለውሰት ጥላቻ ኖሮን አይደለም፤ ኤምሲፒ፣ ኤንጋልና ክሬያቲኒንም እንዳሉ ገብተዋል። መለኪያችን አንድ ብቻ ነበር፤ ማስገንዘቢያውን በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን ወይም በኢየሩሳሌም የምታነብ አማርኛ ተናጋሪ ሕመምተኛ የሚሰማትን፣ የሚለካውንና በአጉሊ መነጽር የሚረጋገጠውን ሦስቱን ለይታ ታውቅ ዘንድ ነው። ሦስቱን ለይታ ያወቀች እንደ ሆነ፣ ደኅና ነኝ ብላ የሽንት ምርመራዋን አትተውም፤ ጠቋሚው ከፍ አለ ሲሏትም ፍርዱ ተሰጠ ብላ አትደነግጥም።