መንገድ በሰዓት ሲሰፈር

አባቶቻችን በእግርና በበቅሎ በሚጓዙበት ዘመን የአገርን ርቀት የሚናገሩት በቀን ቍጥር ነበር፤ «የሦስት ቀን መንገድ ነው»፣ «ስምንት ቀን ያስኬዳል» ይባል ነበር። ኋላ ግን ጥርጊያ ጎዳናና የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ በየመንገዱ ዳር የኪሎ ሜትር ድንጋይ ሲተከል፣ ሰው ሁሉ ቅርቡንና ሩቁን በድንጋዩ ላይ በተጻፈው አኃዝ መለየት ለመደ። የኪሎ ሜትር ቍጥር ሐሰት አይናገርም፤ ነገር ግን መንገደኛው ሊያውቀው የሚሻውን፣ ይኸውም ማልዶ ከቤቱ ወጥቶ፣ ጉዳዩን ፈጽሞ መቼ እንደሚመለስ፣ አይነግረውም።

የአዲስ አበባንና የባሕር ዳርን ነገር እንመልከት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት በካርታ ላይ በማስመሪያ ቢለካ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በደብረ ማርቆስ በኩል የሚወስደው ጎዳና ግን ከ550 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ለዚህም ምክንያቱ የመሐንዲሶች ድካም ማነስ ሳይሆን የምድሪቱ ተፈጥሮ ነው፤ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው መንገድ ከደጋው ወደ ቆላው ወርዶ፣ ዐባይን ተሻግሮ፣ ዳግመኛ ወደ ደጋው እየተጠማዘዘ የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ጭነት የያዘ መኪና በሜዳ ላይ ፈጥኖ የሚጨርሰውን ርቀት በዚያ ስፍራ እያቃሰተ ይገፋዋል። እንግዲህ ኪሎ ሜትርና ኪሎ ሜትር እኩል አይደሉም፤ እኩል የሚያደርጋቸው ሰዓት ብቻ ነው።

ይህን አስቀድሞ በሥዕል የገለጠው ፍራንሲስ ጋልተን የተባለ እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 ባወጣው የዓለም ካርታ ላይ፣ ከለንደን የተነሣ መንገደኛ እስከ 10 ቀን የሚደርስበትን አገር በአንድ ቀለም፣ ከ40 ቀን በላይ የሚፈጅበትን በሌላ ቀለም፣ በመካከል ያለውንም እንዲሁ በየደረጃው ቀባው። ከዚያ ወዲህ ዋልተር ሀንሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1959 በጻፈው ጥናት ነገሩን ወደ ሒሳብ አቀረበው፤ የአንድን ከተማ ተደራሽነት ለማወቅ በዙሪያው ያሉትን ከተሞች ሁሉ ሕዝብ ወይም የሥራ ቦታ ቍጥር ወስዶ፣ ሩቅ የሆነውን እንደ ርቀቱ መጠን እየቀነሱ መደመር ነው። ለምሳሌ 200,000 ሕዝብ ያለው ከተማ በ2 ሰዓት፣ 1,000,000 ሕዝብ ያለው ደግሞ በ10 ሰዓት ቢደረስ፣ ሕዝቡ ለሰዓቱ ሲካፈል ሁለቱም 100,000 ይሰጣሉ፤ ትንሹ ጎረቤት በቅርበቱ ትልቁን ሩቅ ከተማ ተስተካከለው ማለት ነው። ታዲያ የትልቁ ከተማ መንገድ ተሻሽሎ ጉዞው 5 ሰዓት ብቻ ቢፈጅ ድርሻው ወደ 200,000 ያድጋል፤ አንድ ሰው ሳይወለድ፣ አንድ ቤት ሳይሠራ፣ መንገድ ብቻ ከተማን ያሳድጋል። ይህ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ መንገድ የሚሠሩ ሰዎችም ሁሉ ቢያውቁት እወዳለሁ።

የሒሳቡ ስሕተት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ከየት እንደሚጀምር ባለማስተዋል ነው። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ ግሩም ሥራ መሆኑን የማይመሰክር የለም፤ ነገር ግን ሰዓቱ የሚቈጠረው ከቱሉ ዲምቱ መግቢያ ከሆነ፣ ከፒያሳ ተነሥቶ በከተማው የመኪና መጨናነቅ እስከዚያ የሚደርሰው ሰው የደከመበት ጊዜ ከሒሳቡ ውጭ ይቀራል። ከደጅ እስከ ደጅ ያልተለካ ጉዞ እንደ ተለካ አይቈጠርም።

የምድር ባቡርም ታሪክ ይህንኑ አጥብቆ ያስረዳል። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተጀመረው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ስለ ነበር መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይገባ ነበር፤ ይህም የሲራራ ነጋዴን የሳምንታት ጉዞ በቀናት የለወጠ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኛን በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንዲወስድ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሆኖም የቀድሞው ጣቢያ ለገሃር በከተማው እምብርት ሳለ፣ አዲሱ የፉሪ ለቡ ጣቢያ በከተማው ዳርቻ ነው፤ በድሬዳዋም ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ይገኛል። ሐዲዱ ያተረፈውን ሰዓት ታክሲው ከፊሉን ይወስደዋል። ከዚህም በላይ የሚከብደው መጠበቅ ነው፤ ባቡር በሁለት ቀን አንድ ጊዜ የሚነሣ ቢሆን፣ ጉዳይ በድንገት የወደቀበት ሰው በአማካይ አንድ ቀን ሙሉ ይጠብቃል፤ ስለዚህ የባቡሮችን ቍጥር መጨመር ፍጥነታቸውን ከመጨመር ይልቅ ከተሞቹን የሚያቀራርብበት ጊዜ አለ።

በገጠር ያለው ልኬት ከዚህ የቀለለ ነው፤ የዓለም ባንክ የሚጠይቀው ከሕዝቡ ስንቱ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ እንዳለው ነው። በኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም. እንዲህ ያለ መንገድ ለማግኘት የነበረው አማካይ ርቀት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዷል። ይህ የብዙ ሰው ላብ የፈሰሰበት ፍሬ ነው፤ ዳሩ ግን አማካይ ቍጥር የቆላውን መንደር በደጋው ስለሚሸፍነው፣ ከአኃዙ ጋር ካርታውም መቅረብ አለበት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ልኬታችን ሁልጊዜ ከአዲስ አበባ መጀመሩ ነው። ከጅማ በበደሌና በነቀምት አልፎ፣ ዐባይን ተሻግሮ ቡሬ የሚያደርስ መንገድ አለ፤ ወደ ባሕር ዳር ለሚሄድ ሰው በአዲስ አበባ ከመዞር ይልቅ በኪሎ ሜትር እጅግ ያጥራል፤ ነገር ግን በዚያ በኩል ቀጥታ አውቶቡስ ካልተመደበ መኪና የሌለው መንገደኛ ወይ በየከተማው እየወረደ ሌላ ይፈልጋል፣ ወይ ዋና ከተማውን ዞሮ ይሄዳል። ከተሞችን ሁሉ በቁመትም በአግድምም ጽፎ፣ በእያንዳንዱ ጥንድ መገናኛ ላይ በሕዝብ መጓጓዣ የሚፈጀውን ሰዓት፣ ዋጋውንና ማደሪያውን ጨምሮ የሚመዘግብ ሰንጠረዥ ቢዘጋጅ፣ አዲስ አስፋልት የሚሻው ወገን የትኛው እንደ ሆነ፣ አንድ የጧት አውቶቡስ ብቻ የጎደለበትም የትኛው እንደ ሆነ ተለይቶ ይታወቃል።