ሳሎኑና ጓዳው፤ የስደተኛ ማኅበር ድረ ገጽ ምኑ ለሁሉም፣ ምኑ ለአባላት ብቻ?

ሰሞኑን በየአገሩ ያሉ የስደተኛ ማኅበራት «ድረ ገጽ ልንከፍት ነው፣ ምን እናስገባበት?» እያሉ ይጠይቁኛል። ባለሙያ ነኝ አልልም። ካርቱም ዐማራት ሳለን ለመረዳጃ ማኅበራችን ድረ ገጽ ስንሠራ ያጠፋነውን ሌላው እንዳይደግመው ብዬ ግን የማውቀውን ልጻፍ።

ዐማራትን ለማታውቁት፣ ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በስተምዕራብ ያለ፣ መንገዶቹ በቁጥር የሚጠሩ ሰፈር ነው። ከእኛ ብዙዎቹ በየቤቱ የሚሠሩ፣ ሻይና ቡና የሚሸጡ ነበሩ። ወረቀት ያለውም የሌለውም «ከሻ» የምንለውን የፖሊስ አፈሳ ይፈራል። እኛ ደግሞ በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሆነን የአባላትን ስም ከነስልኩ፣ የምንሰበሰብበትን ቤት ከነመንገዱ ቁጥር፣ ማንም ሊያየው በሚችል ገጽ ላይ ለጠፍነው። ሰው እንዲጠያየቅ ብለን ነው።

ብዙም ሳይቆይ ለአንዲት እህታችን ስልክ ተደወለላት። ደዋዩ ሙሉ ስሟን ጠርቶ «የካናዳ ፋይልሽ ወጥቷል፣ ለማስጨረሻ ገንዘብ ላኪ» አላት። ያጠራቀመችውን የስድስት ወር ደሞዝ ላከች። የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት በሙሉ በነጻ ነው፤ ለዚያ ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ አጭበርባሪ ነው። እሷ ግን ስሟን ሲጠራት አመነችው። ስሟን የሰጠነው እኛው ነን።

ከዚያ በኋላ ድረ ገጹን እንደ ቤት አስበን ከፋፈልነው።

ሳሎኑ (ለሁሉም ክፍት)

በመተማ ተሻግሮ ዛሬ ካርቱም የደረሰ ልጅ አባል አይደለም። «መጀመሪያ ስምህንና ስልክህን አስመዝግብ» ቢባል ፈርቶ ይሄዳል። ስለዚህ ጥገኝነት የሚጠየቅበት ቦታ፣ የሕክምና መረጃ፣ ስለ አጭበርባሪዎችና ስለ ሊቢያ መንገድ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ በፍጹም አይቆለፍም። ጽሑፉም በፎቶ ሳይሆን በፊደል ይሁን፤ በደካማ ኔትወርክና በአሮጌ ስልክ ቶሎ ይከፈታል።

ጓዳው (ለአባላት)

የስብሰባ ቦታና ሰዓት፣ የመዋጮና የዕቁብ ሒሳብ፣ የአባላት ስልክ እዚህ ይገባሉ። ጓዳ ውስጥም ቢሆን ሁሉም ሰው ሁሉን አያይም። ተራው አባል ማስታወቂያውንና ሒሳቡን ያንብብ፤ የስልክ ዝርዝሩንና ማን ታሞ፣ ማን ታስሮ እንደተረዳ የሚያዩት ሁለት ሦስት ሰዎች ብቻ ይሁኑ።

የትም የማይገባው

የስደተኛ መታወቂያ ፎቶ፣ የጉዳይ ቁጥር፣ ሰው ከአገሩ የወጣበት ምክንያት በድረ ገጽ ላይ፣ ተቆልፎም ቢሆን፣ አይቀመጥም። በጃንዋሪ 2022 ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከ515,000 በላይ ሰዎች መረጃ እንደተጠለፈበት አስታውቋል። ብዙዎቹ በጦርነትና በስደት ከቤተሰብ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የእሱ ቁልፍ ከተሰበረ የእኛማ ምን ይባላል?

ቁልፉ እውነት ቁልፍ ነው ወይ?

አንደኛ፣ ገጹን ከማውጫው ላይ ማንሳት መቆለፍ አይደለም። አድራሻውን አንድ ሰው ለጓደኛው ከላከው ያ ጓደኛ ይከፍተዋል፤ ጉግልም ሊያገኘው ይችላል።

ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በወርድፕረስ ገጹን ለአባላት ብቻ ብታደርጉትም፣ ገጹ ላይ የጫናችሁት ፎቶ ወይም ፒዲኤፍ ለብቻው ካልተጠበቀ በራሱ አድራሻ ይከፈታል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ የፋይሉን አድራሻ ገልብጡና ባልገባችሁበት ሌላ ስልክ ላይ ክፈቱት። ከተከፈተ አልተቆለፈም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ለሁሉም አንድ የይለፍ ቃል አትስጡ። ለእያንዳንዱ የራሱ ከሆነ፣ አንድ ሰው ሲወጣ የእሱ ብቻ ይዘጋል።

አራተኛው በጣም የጎዳን ነው። ኤፕሪል 15፣ 2023 ጦርነቱ ሲጀመር አውሮፕላን ማረፊያው ዋና የውጊያ ቦታ ሆነ፤ ዐማራት ደግሞ አጠገቡ ነው። ገሚሱ ወደ መደኒ፣ ገሚሱ ወደ ገዳሪፍና መተማ ተበተነ። ጓዳውን የሚከፍተው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው በሱዳን ሲሙ ላይ፣ ኔትወርኩ ደግሞ የለም። ማን የት እንደደረሰ ለመጠየቅ የስልክ ዝርዝሩ በተፈለገ ሰዓት እኛው በራችን ላይ ቀረን። ስለዚህ ቁልፍ ያዥ ቢያንስ ሁለት ይሁን፣ አንዱም ሌላ አገር ያለ። መግቢያው በኤስኤምኤስ ብቻ አይንጠልጠል፤ የመጠባበቂያ ኮዶቹን ወረቀት ላይ ጻፏቸው።

እንግዲህ ከመለጠፋችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ይህን ክፉ ሰው ቢያነበው ማን ይጎዳል? ችግረኛው ሳያነበው ቢቀርስ? የሚጎዳ ካለ ቆልፉት፤ ባለማንበቡ የሚጎዳ ካለ ክፈቱት። ሁለቱም ካለ ለሁለት ክፈሉት፦ «እሑድ ስብሰባ አለ፣ በማኅበሩ ስልክ ጠይቁን» የሚለው ሳሎን፣ ቤቱ የት እንደሆነ የሚናገረው ጓዳ። የራሳችሁ ተሞክሮ ካለ ጻፉልን።