የተመሰጠሩ የደመና ፎልደሮችና የመጠባበቂያ ቅጂ፦ የትኛው ገጽ ይቀዳ?

የድኅረ ምረቃ ተመራማሪ በመስክ የሚሰበስበው መረጃ ሁለት ዓይነት ጥበቃ ይሻል፤ አንደኛው ከባዕድ ዐይን፣ ሁለተኛው ከመጥፋት። ስለ ሕመማቸው፣ ስለ ቤተሰብ ጠባቸው ወይም ስለ ስደት ጉዟቸው የተናገሩ ሰዎች ቃላቸውን በአደራ ሰጥተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ለዚህ አደራ የሕግ ክብደት ሰጥቶታል። ስለሆነም ጠንቃቃ ተማሪ የቃለ መጠይቅ ድምፆቹንና ግልባጮቹን አመስጥሮ በደመና ማከማቻ ያስቀምጣል፤ በየዕለቱ ያለ ሰው እጅ ቅጂ የሚወስድ ሶፍትዌርም ይጭናል። ችግሩ የሚጀምረው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ምስጠራው መረጃውን ከሌላ ሰው እንደሚሰውር ሁሉ ከመጠባበቂያ ሶፍትዌሩም ሊሰውረው ይችላል።

በቅድሚያ አንድ የተለመደ መምታታት መጥራት አለበት። ድሮፕቦክስ፣ ጉግል ድራይቭና መሰሎቻቸው በዋናነት የሚሠሩት ማመሳሰልን እንጂ መጠባበቂያ መያዝን አይደለም። በላፕቶፕ ላይ የተሰረዘ ፋይል ከደመናውም ይሰረዛል፤ በቫይረስ የተበላሸውም እንደተበላሸ ይመሳሰላል። ጉግል ድራይቭ ወደ ቅርጫት የገባን ፋይል ከ30 ቀን በኋላ ጨርሶ ያጠፋዋል፤ የድሮፕቦክስ ነፃ አገልግሎትም የተሰረዘውን ለመመለስ የሚሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። ለቢሮ ሠራተኛ ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። ኔትወርክ በማይደርስበት ወረዳ ሁለት ወር ለሚሰነብት ተማሪ ግን፣ ከመሄዱ በፊት የተፈጸመ ስሕተት ሳይታወቅ ቀነ ገደቡ ያልፋል።

የምስጠራውን አሠራር በአንድ ምሳሌ እንመልከት። ክሪፕቶሜተር የተባለው ሶፍትዌር በደመናው ፎልደር ውስጥ «ካዝና» ይፈጥራል። እያንዳንዱን ፋይል ለየብቻው ያመሰጥራል፤ ስሙን ትርጉም ወደሌለው የፊደላት ድርድር ይለውጣል፤ የፎልደሮቹንም ተዋረድ ይደብቃል። ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ ካዝናው እንደ አንድ ተጨማሪ ዲስክ ይከፈትና ፋይሎቹ በወትሮ ስማቸው ይታያሉ። እንግዲህ አንዱ መረጃ ሁለት ገጽ አለው፦ ዘወትር በዲስኩ ላይ የሚገኘው ዝግ ገጽ፣ ካዝናው ሲከፈት ብቻ የሚታየው ግልጽ ገጽ። ሶፍትዌሩ ከሁለቱ የትኛውን ይቅዳ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይታለፋል።

ግልጽ ገጹን መቅዳት ቁጠባ አለው። እንደ ሬስቲክና ቦርግ ያሉ የመጠባበቂያ ሶፍትዌሮች ፋይልን ከፋፍለው ቀደም ሲል ያልተቀመጠውን ክፍል ብቻ ይልካሉ፤ ራሳቸውም ስለሚያመሰጥሩ ቅጂው ለባዕድ አይጋለጥም። በትልቅ የዳታ ፋይል መጨረሻ ላይ ጥቂት መስመር ቢጨመር የሚላከው ጥቂት ነው። የተመሰጠረው ፋይል ግን፣ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ጽፎ ባስቀመጠው ቁጥር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለወጣል፤ ሊታመቅም አይችልም። ኢንተርኔትን በጊጋባይት እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ልዩነቱ በኪሱ ይታወቀዋል።

ዳሩ ግን ካዝናው ተቆልፎ ሳለ ግልጽ ገጽ የሚባል ነገር የለም። ሶፍትዌሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዲሠራ ታዝዞ ተማሪው ካዝናውን ቆልፎ ቢተኛ፣ የሚያገኘው ባዶ ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነው እንደ ሶፍትዌሩ ዓይነት ይለያያል። ምንጩን አጣሁት ብሎ የሚያስታውቅ አለ፤ ይህ ደጉ ነው። ባዶውን ፎልደር እንደ ዕለቱ እውነት ተቀብሎ ሥራው በተሳካ ሁኔታ መጠናቀቁን የሚያበሥርም አለ። ከሁሉ የከፋው ቅጂውን ከምንጩ ጋር እኩል እንዲያደርግ የታዘዘው ነው፤ ምንጩ ባዶ ሲሆንበት ቅጂውንም ባዶ ያደርገዋል። የቀደሙ ቅጂዎችን የሚያቆየውም ቢሆን ፈጽሞ አያመልጥም፤ የመጨረሻዎቹን ሰባት ቅጂዎች ብቻ እንዲይዝ ከታዘዘ፣ ከሰባት ሌሊት በኋላ በእጁ የሚቀሩት ሰባት ባዶ ቅጂዎች ናቸው። በየማለዳው የሚታየው መልእክት ግን ሁሉ ደኅና መሆኑን ይናገራል።

መከላከያው ከባድ አይደለም። በካዝናው ውስጥ አንድ አነስተኛ የምልክት ፋይል ይቀመጣል፤ ሶፍትዌሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፋይሉ መኖሩን የሚያረጋግጥ አጭር ትእዛዝ ይፈጸማል፤ ካልተገኘ ሥራው ይቆማል። ዱፕሊካቲን በመሳሰሉት ውስጥ ይህን ለማዘዝ የሚያስችል ቅንብር አለ። ሰዓቱንም ከሌሊት ካዝናው ክፍት ወደሚሆንበት የሥራ ሰዓት ማዛወር ይገባል።

ዝግ ገጹን የሚቀዳ ሰው ይህ ስጋት የለበትም፤ የእርሱ ስጋት ሌላ ነው። በካዝናው ሥር ማስተርኪ የተባለ ትንሽ ፋይል አለ፤ የምስጠራው ዋና ቁልፍ በይለፍ ቃሉ ተቆልፎ የሚቀመጠው በእርሱ ውስጥ ነው። ፋይሉ ከጠፋና የመልሶ ማግኛ ቁልፉ አስቀድሞ ካልተቀመጠ፣ የይለፍ ቃሉን ማስታወስ ብቻውን አያድንም። ፎልደሮቹም እያንዳንዳቸው መለያቸውን የያዘ ትንሽ ፋይል ስላላቸው ካዝና በከፊል አይቀዳም። በተጨማሪም ቦታ ለመቆጠብ ፋይሎቹ በደመናው ብቻ እንዲቀመጡ ተደርጎ ከሆነ፣ በላፕቶፑ ላይ የሚገኘው ስማቸው እንጂ ይዘታቸው አይደለም፤ አንዳንዱ ሶፍትዌር ይዘላቸዋል፣ ሌላው ሁሉንም ከደመናው ለማውረድ ይነሣል። ካዝናው ያለበት ፎልደር ምንጊዜም በኮምፒዩተሩ ላይ በሙሉ እንዲገኝ ማዘዝ ግድ ነው።

የይለፍ ቃል መለወጥም ፋይሎቹን እንደገና አያመሰጥርም፤ የሚለወጠው የማስተርኪው መቆለፊያ ብቻ ነው። በቆየ ቅጂ ውስጥ ያለው ማስተርኪ በቀድሞው የይለፍ ቃል ዛሬም ይከፈታል። የይለፍ ቃሌ ታወቀብኝ ብሎ የሚሠጋ ተመራማሪ አዲስ ካዝና ፈጥሮ ፋይሎቹን ማዛወርና የቆዩትን ቅጂዎች ማስወገድ ይኖርበታል።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለአብዛኛው ተማሪ የሚበጀው ግልጽ ገጹን በየዕለቱ ራሱ በሚያመሰጥር ሶፍትዌር ወደ ውጫዊ ዲስክ መቅዳት፣ ዝግ ገጹን ደግሞ በየወሩ ማመሳሰሉን ገታ አድርጎ በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው። ሁለተኛው ዲስክ ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ መጓዝ የለበትም።

ሶፍትዌሩ ራሱም የጥፋት ምንጭ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 በጃፓን ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የሱፐር ኮምፒዩተሩን ፋይሎች የሚቀዳው ፕሮግራም ተሻሽሎ ሲተካ፣ አሮጌው ገና በሥራ ላይ ነበር። ያረጁ መዝገቦችን ብቻ ማጥፋት የነበረበት ትእዛዝ 77 ቴራባይት ያህል የምርምር መረጃ፣ በቁጥር 34 ሚሊዮን ገደማ ፋይሎች ሰረዘ። ከተጎዱት 14 የምርምር ቡድኖች የአራቱ መረጃ ሊመለስ አልቻለም። ቅጂ መኖሩን ማወቅ የሚቻለው መልሶ በመክፈት ነው፤ ቢያንስ በየመንፈቁ ከቅጂው ጥቂት ፋይሎች በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተመልሰው፣ ድምፁ ተደምጦ፣ ሠንጠረዡ ተከፍቶ መታየት አለበት።

የቁልፎቹ ነገር ይቀራል። የካዝናውና የመጠባበቂያ ሶፍትዌሩ የይለፍ ቃሎች የተለያዩ ናቸው፤ የሬስቲክ የይለፍ ቃል ከጠፋ ደግሞ ቅጂውን የሚከፍት ሌላ መንገድ የለም። ሁለቱንም በዚያው ካዝና ውስጥ ባለ ፋይል ጽፎ ማስቀመጥ ቤትን ቆልፎ ቁልፉን ውስጥ እንደ መተው ነው። በወረቀት ተጽፈው፣ ከመልሶ ማግኛ ቁልፉ ጋር በታሸገ ፖስታ፣ ዲስኮቹ በሌሉበት ስፍራ ይቀመጡ፤ ተመራማሪው ቢታመም ፖስታውን ማን እንደሚከፍትም ለሥነ ምግባር ኮሚቴ በሚቀርበው የመረጃ አያያዝ ዕቅድ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ።