ተጨማሪ መረጃ፦ ለስኳር ሕመምተኛ ከአትክልት ተራ ምን ይሸመት?

የፒያሳው አትክልት ተራ በኮሮና ምክንያት በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃንሜዳ ሄዶ ነበር፤ በ2013 ደግሞ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሰፈረ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ዘንቢሉን ይዞ ወደዚህ ሲገባ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያና ቲማቲም ሳይሰስት ቢሸምት ይበጀዋል። ድንች ግን አትክልት ተራ ስለተሸጠ ብቻ ከጎመን ጋር አይመደብም፤ ስታርቹ ብዙ ስለሆነ የሚቆጠረው ከእንጀራው ጋር ነው። ድንች ወጥ በእንጀራ መብላት እንግዲህ እንጀራን በእንጀራ እንደመጉረስ ነው።

ከፍራፍሬው ደግሞ አቮካዶ ይገርማል፦ በ100 ግራሙ ውስጥ 1 ግራም ስኳር እንኳ አይሞላም፤ ማንጎ ወደ 14 ግራም አለው። ነገሩ የሚበላሸው አቮካዶው ጭማቂ ቤት ገብቶ ስኳርና ቪምቶ ሲጨመርበት ነው።

ለወጡ ምስር፣ ክክ ወይም ዘይት ያልበዛበት ሽሮ ጥሩ ነው። የባለሙያዎች ምክር የሳህኑን ግማሽ ለአትክልት፣ ሩቡን ለጥራጥሬ ወይም ለሥጋ፣ ሩቡን ለእንጀራ ይሰጣል። የእኛ እንጀራ ትሪውን ሞልቶ ስለሚዘረጋ ግን መለኪያው ይጠፋል፤ ቆርጦ ጠቅልሎ ጎን ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እንጀራውን በአንዴ ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድበት ይችላል።