«ፕሬስቢተሪው ሕንጻችንን ሊወስድብን ነው» ለምትሉ

ካፖርቴን ሳላወልቅ ይህን ለመጻፍ የተቀመጥሁት፣ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ነገሮች ስለ ገጠሙኝና ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የፈለቁ መሆናቸውን በአውቶቡስ ላይ ሳለሁ ስለ ተረዳሁ ነው። እንደምታውቁት፣ እዚህ አሜሪካ በአንድ ፕሬስቢተሪ ጽሕፈት ቤት ምክትል ጸሐፊ ሆኜ ሳገለግል አሥራ አራት ዓመት አልፎኛል፤ አጥቢያዎች በየዓመቱ ቃለ ጉባኤያቸውን ለምርመራ በሚያቀርቡበት ቀንም፣ በአማርኛ የተጻፈው መዝገብ ሁሉ፣ ሌላ አንባቢ ስለሌለው፣ ወደ እኔ ጠረጴዛ ይገፋል። ዛሬ የቀረበልኝ ልባሱ በፕላስተር የተጣበቀ የተማሪ ደብተር ነበር። (ዘንድሮም ደብተር!) በውስጡም፣ ቄሱ ለዕረፍት በሄዱበት በነሐሴ ወር፣ አምስት ሽማግሎች ተሰብስበው የጸሎት አዳራሹን ለሌላ ማኅበር ለአምልኮ መገልገያ ለሰባት ዓመት ለማከራየት መወሰናቸውን አገኘሁ፤ ከርእሱ በታች የተጻፈውም ይህ ብቻ ነው፦ ውይይት ተደረገ። በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በጸሎት ተዘጋ።

ገና ከድንጋጤዬ ሳልመለስ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የመጣ የድምፅ መልእክት በስልኬ ደረሰኝ፤ ተናጋሪው ማንነቱን ሳይገልጽ፣ ፕሬስቢተሪ ማለት የፈረንጆች ጳጳስ እንደ ሆነ፣ ያሻውን ቄስ እንደሚሾምና እንደሚሽር፣ አሁን ደግሞ የሐበሾችን ሕንጻ ለመንጠቅ እንደ ተነሣ በሰባኪ ድምፅ ያስረዳል። ወዲያውም የዚያው አጥቢያ ሽማግሌ የሆኑ፣ እንደ አባቴ የማከብራቸው ጋሼ ደውለው «አንተ የእኛ ልጅ ሆነህ ነው ቤታችንን አሳልፈህ የምትሰጠው?» አሉኝ። ከእሳቸው ጋር የተነጋገርነውን በመጨረሻ እነግራችኋለሁ፤ አስቀድሜ ግን ነገሩን በተራ ቁጥር፣ በሥርዐቱ ላስረዳ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ፕሬስቢተሪ ሰው አይደለም። ስሙ ፕሬስቢቴሮስ ከሚለው የጽርዕ ቃል የወጣ ሲሆን፣ ትርጓሜውም ሽማግሌ ማለት ስለ ሆነ፣ ፕሬስቢተሪ ሲባል የሽማግሎች ጉባኤ ማለት ነው፤ ይኸውም በአንድ አውራጃ ውስጥ ያሉ ቀሳውስትና አጥቢያዎች መርጠው የላኳቸው ሽማግሎች በእኩል ድምፅ የሚቀመጡበት ጉባኤ ነው እንጂ፣ በመንበር ላይ የተሾመ ሊቀ ጳጳስ የለውም። በ1983 የሰሜኑና የደቡቡ አብያተ ክርስቲያናት ተዋሕደው የመሠረቷት የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በሥርዐት መጽሐፏ እንደ ደነገገችው፣ አንድ ፕሬስቢተሪ ቢያንስ 10 አጥቢያዎችና 10 ቀሳውስት ሊኖሩት፣ በዓመትም ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሊሰበሰብ ይገባል፤ ምልዐተ ጉባኤውንም ራሱ የሚወስነው ቢሆን እንኳ፣ ከ3 ቀሳውስትና ከ3 አጥቢያዎች ከመጡ ሽማግሎች ሊያንስ አይችልም። ሰብሳቢው ለጊዜው ይመረጣል፤ መዶሻውን አስረክቦ ሲወርድ እንደ ማንኛችንም ነው። ስኮትላንዳውያኑ እነ አንድሩ ሜልቪል በ1578 ይህን መሰል ሥርዐት በመጽሐፍ ሲደነግጉ፣ ንጉሡ ጄምስ 6ኛ ጳጳስ የማያስፈልጋት ቤተ ክርስቲያን ለዙፋንም እንደማትመች ስለ ገባው ብዙ ዘመን ሲታገላቸው ኖሯል፤ ሥርዐቱ ባሕር ተሻግሮ በ1706 በፊላደልፊያ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬስቢተሪ፣ ፍራንሲስ ማክሚ ሰብሳቢ ሆኖ ሲቆምም፣ ቀሳውስቱ 7 ብቻ ነበሩ። ዛሬ ከ160 የሚበልጡ ፕሬስቢተሪዎች አሉ። ከእነርሱም በላይ ሲኖዶስና ጠቅላላ ጉባኤ አለ፤ ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አልፈዋለሁ።

2ኛ፤ ቄስ የአጥቢያው አባል አይደለም። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ይሥቃል፤ ነገር ግን የቄሱ ስም በአጥቢያው የምእመናን መዝገብ አይገኝም፤ አባልነቱ ከፕሬስቢተሪው ነው። ምእመናን ቄሳቸውን ይመርጣሉ፤ ፕሬስቢተሪው ምርጫውን መርምሮ ሲያጸድቅ ቄሱ በአጥቢያው ይሾማል፤ ሊለያዩም ሲፈልጉ ወይ ምእመናኑ ወይ ቄሱ ይጠይቃሉ፣ የሚፈታው ግን ፕሬስቢተሪው ነው። እንግዲህ «ያሻውን ይሾማል» የሚለው ተናጋሪ የነገሩን ግማሽ ቈርጦ መጣሉን ልብ በሉ። ቄሱ የአጥቢያው ሽማግሎች ጉባኤ ሰብሳቢ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሲታመም ወይም ሲርቅ ሌላ የፕሬስቢተሪው ቄስ ጋብዞ ያስቀምጣል እንጂ፣ ሽማግሎች ያለ ሰብሳቢ ተሰብስበው ቡና ሊጠጡ ይችላሉ፣ ሊወስኑ ግን አይችሉም።

3ኛ፤ ወደ ፕሬስቢተሪ የሚላክ ሽማግሌ የአጥቢያው መልእክት አድራሽ አይደለም። «እንዲህ ብለህ ድምፅ ስጥ» ተብሎ አይታዘዝም፤ በጉባኤው ተቀምጦ ሰምቶ፣ ጸልዮ፣ ኅሊናው እንደ መሰከረለት ይወስናል። ተመልሶ ሲመጣ «ከዳኸን» እያሉ ሰላምታ የሚነፍጉት ሰዎች ይህን አንብበው ይፈሩ።

4ኛ፤ ወደ ሕንጻው ከመግባቴ በፊት ስለ ቃለ ጉባኤ ልናገር፤ ምክንያቱም የዚህ ሁሉ መከራ እናት እርሱ ነውና።

በጳጳስ በሚተዳደር ቤተ ክርስቲያን አባቱ ሌሊትም ቢሆን አባት ነው፤ ተኝቶም ሳለ ሥልጣኑ ከእርሱ ጋር ያድራል። በእኛ ዘንድ ግን ሥልጣን የሚኖረው ጉባኤው ተቀምጦ ሳለ ብቻ ነው፤ የመዝጊያው ጸሎት «አሜን» ከተባለና ወንበሮቹ ከተሰበሰቡ በኋላ፣ ሰብሳቢውም ሆነ ጸሐፊው ወደየቤታቸው የሚሄዱ ምእመናን ናቸው። ታዲያ ከዚህ ጉባኤ እስከ ቀጣዩ ባሉት ወራት የሚያስተዳድረን ማን ነው ያላችሁ እንደ ሆነ፣ የተጻፈው ነው፤ ጉባኤው ማን ማን ተገኝቶ፣ ማን አሳብ አቅርቦ፣ ምን ብሎ እንደ ወሰነ የሚመሰክረው ወረቀት ነው። ጳጳሳችን እንግዲህ ያ ደብተር ነው፤ እኛም ሻይ እናፈስበታለን።

የሚያናድደኝ ደግሞ አለማወቅ አለመሆኑ ነው። ጋሼ ራሳቸው አዲስ አበባ ሳሉ ለብዙ ዘመን የእድር ጸሐፊ ነበሩ፤ ማን ለቀብር እንደ ቀረ፣ ማን ድንኳኑን ቀዶ እንደ መለሰ፣ ከማን ስንት ብር ቅጣት እንደ ተቀበሉ በቀንና በፊርማ ጽፈው የያዙትን መዝገብ እየጠቀሱ እስከ ዛሬ ያጫውቱናል። ለሰሐንና ለድንኳን ይህን ያህል የተጠነቀቀ እጅ፣ ለቤተ ክርስቲያን ርስት ሲሆን ስለምን ይሰንፋል? እኔ እንደሚመስለኝ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጉባኤ የምንቀመጠው እንደ እድር ሳይሆን እንደ ሽምግልና ስለ ሆነ ነው። ሽምግልና ታላቅ ጥበብ ነው፤ በእርሱ ግን ሰዎች የሚታረቁት በቃል ነው፣ ማን መጀመሪያ እንደ ተናገረ አለመጻፉም ለዕርቁ ይበጃል፤ ያኮረፈው እንዳያፍር «ሁላችንም ተስማማን» ይባላል። ይህን የመሰለውን መልካም ጠባይ በቃለ ጉባኤ ውስጥ ስትከቱት ግን ተጠያቂ የሌለው ውሳኔ ይወልዳል። «በሙሉ ድምፅ» ከተባለበት ስብሰባ ማግስት በመኪና ማቆሚያው ቆሞ «እኔስ አልተስማማሁም ነበር» የማይል ሽማግሌ አላየሁም። ሥርዐቱ ለእርሱ ለራሱ በር ከፍቶለታል፤ በዚያው ጉባኤ ላይ ሳለ አልስማማም ብሎ ስሙን ማስመዝገብ፣ ምክንያቱንም በጽሑፍ ማያያዝ ይችላል። በዚህ መብት ሲጠቀም ያየሁት ሐበሻ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ሁለት ነው።

ደግሞም ሙጫ! ስንት ጊዜ ልናገር? የተወሰነውን ቈርጣችሁ፣ በኮምፒውተር ጽፋችሁ፣ በገጹ ላይ በሙጫ አትለጥፉ፤ የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዝና በቀጣዩ ጉባኤ ታርሞ ይጽደቅ።

ሕንጻውን በተመለከተ (ቁጥሩ ስንት ላይ እንደ ደረሰ ረሳሁት)፣ በጆርጂያ ግዛት በሜከን ከተማ ቫይንቪል የምትባል አጥቢያ በ1973 ለሁለት ተከፍላ፣ 164 ሰዎች ከነቄሳቸው ከቤተ ክርስቲያኒቱ እንውጣ ሲሉ 94ቱ እንቈይ አሉ፤ የዚያ አውራጃ ፕሬስቢተሪም እውነተኛይቱ አጥቢያ ጥቂቶቹ ናቸው ብሎ ፈረደ። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1979 በ5 ለ4 ድምፅ የተወሰነው፣ የመንግሥት ዳኞች የሃይማኖት ጭቅጭቅ ውስጥ ሳይገቡ የቤቱን ሰነድና የማኅበሩን ደንብ በተራው ሕግ ዐይን አይተው ሊፈርዱ ይችላሉ የሚል ነበር፤ ከዚህም ጋር፣ ንብረቱ የጠቅላላዋ ቤተ ክርስቲያን አደራ እንዲሆን የምትሹ በሰነዳችሁ ወይም በሕገ ደንባችሁ ጻፉት የሚል ምክር ነበረበት። ልብ በሉ፤ ጻፉት ነው የተባለው። ሰሜኖቹ በ1981፣ ደቡቦቹ በ1982 ጻፉት፤ ሲዋሐዱም በአንድ መጽሐፍ ጸና። ስለዚህ የአጥቢያው ንብረት በአጥቢያው ስም ይመዘገባል፣ ምእመናን ይገለገሉበታል፣ ጣራው ሲያፈስ ያሳድሱታል፤ ነገር ግን የሚይዙት በአደራ ነው። አደራ ምን እንደ ሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት ያሳፍረኛል። ከአደራውም የተነሣ፣ ያለ ፕሬስቢተሪው የጽሑፍ ፈቃድ አጥቢያው ንብረቱን መሸጥም ሆነ በዕዳ ማስያዝ አይችልም፤ የአምልኮውን ስፍራ ለአንድ ወርም ቢሆን ማከራየት፣ ሌላውንም ንብረት ከ5 ዓመት በላይ ማከራየት የተከለከለ ነው። የነሐሴው ውሳኔ እንግዲህ ያለ ሰብሳቢ፣ ያለ ፈቃድ፣ በአምልኮው ስፍራ ላይ፣ ለሰባት ዓመት! አንድ የደንብ አስተማሪ ለተማሪዎቹ ምሳሌ ቢፈልግ ከዚህ የተሟላ አያገኝም።

ስለዚህ ይነጠቃልን? አይነጠቅም። በምርመራ ቅጹ ላይ ጉድለቱ ይጻፋል፤ አጥቢያው እንዲያርም ይነገረዋል። ነገሩ ቢከፋ ጉባኤው ኮሚሽን ይሰይማል፤ ኮሚሽን ደግሞ ኮሚቴ አይደለም፣ ኮሚቴ አጥንቶ ያቀርባል፣ ኮሚሽን ግን በተሰጠው ወሰን ውስጥ ጉባኤውን ተክቶ ይወስናል፣ ቀሳውስትና ሽማግሎችም በተቻለ መጠን በእኩል ቁጥር ይቀመጡበታል። በኮሚሽን የተወሰነ ሁሉ በጉባኤው ቃለ ጉባኤ ይገባል። የተበደለ አጥቢያም ወደ ሲኖዶሱ የፍርድ ጉባኤ፣ ከዚያም ወደ ጠቅላላ ጉባኤው ይግባኝ ሊል ይችላል፤ ይግባኙ የሚታየው ግን በምን ላይ ተመሥርቶ ይመስላችኋል? በሙጫ በተለጠፈ ወረቀት ላይ?

የራሴንም ጽሕፈት ቤት ሳልወቅስ ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ለመጨረሻው ጉባኤ የተዘጋጀው ሰነድ 112 ገጽ ሲሆን የተላከው ስብሰባው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ በእንግሊዝኛ፣ ያውም ጠበቃ በሚጽፈው እንግሊዝኛ። ከስደተኛ አጥቢያዎች የመጡት ሽማግሎች በኋለኛው ረድፍ ተቀምጠው፣ ጎረቤታቸው ካርዱን ሲያነሣ ያነሣሉ። አስተርጓሚ ይቀጠር ብዬ ሦስት ጊዜ ጠይቄ፣ ሦስት ጊዜ በጀት የለም ተባልሁ፤ በዚያው ዓመት ለግድግዳ ቀለም በጀት ነበረ። ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ ወሬው በቴሌግራም ቢነግሥ ማን ይደነቃል? ሰው ያልተነገረውን ራሱ ይፈጥራል።

«የፈረንጅ ሥርዐት ነው» ለምትሉም አንድ ቃል። ዶክተር ላምቢ በ1919 ወደ ደምቢ ዶሎ የመጣው ከዚችው የፕሬስቢቴሪያን ወገን ተልኮ ነው፤ ጣልያን ሚስዮናውያኑን ባባረረ ጊዜ ያን መንጋ የጠበቁት ዐይነ ስውሩ ቄስ ጊዳዳ ሶለንና ባልንጀሮቻቸው የአገር ልጆች ነበሩ። ከዚያው መንጋ የወጣችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን በ1947 ራሷን ችላ ቆማ፣ በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ስትዋሐድ በሽማግሎች ጉባኤ መተዳደርን ከማንም በላይ ታውቀው ነበር። ወለጋ ውስጥ የቻልነው ነገር አሜሪካ ስንደርስ ይጠፋናል።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ቍጣቸው እስኪበርድ ሰማኋቸውና «ጋሼ፣ ቤቱን የሚወስድብዎ የለም፤ ቄሱ ተመልሰዋል፣ እሳቸው ሰብሳቢ ሆነው ጉባኤ ይቀመጡና የነሐሴውን ይሻሩት፣ ከዚያም ማከራየት ከፈለጋችሁ ለፕሬስቢተሪው በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁ፤ እኔ ራሴ ለቀጣዩ ጉባኤ አቀርበዋለሁ» አልኋቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ቃሉን ንገረኝ፣ ልጻፈው» አሉኝ፤ ደብተር ሲገለጥ በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ። የሚቀርበውን አሳብ ቀስ እያልሁ አስጻፍኋቸው። «አሳቡን ያቀረበው ከሚለው ቀጥሎ የሰው ስም ይጻፉ» ስላቸው፣

«ሁላችንም ነን» አሉ።

«አይሆንም ጋሼ፣ አንድ ሰው ነው የሚሆነው። የነሐሴውንስ ማን ነበር ያቀረበው?»

ረዥም ጊዜ ቈዩ። እስክሪብቶው ሁለት ጊዜ ጠረጴዛውን መታ።

«እኔ ነበርሁ» አሉ። «ይኸንንም እኔ አቀርበዋለሁ፤ በል ቀጥል፣ እየጻፍሁ ነው።»