ፊደል ለቃሚና አራሚ፦ የግዕዝ ፊደል በማተሚያ ቤት

በላቲን ፊደል የሚያትም ሰው ትልቁንና ትንሹን ፊደል ቆጥሮ 52 ቅርጽ ይዞ ሥራ መጀመር ይችላል። በግዕዝ ፊደል የሚያትመው ግን 33ቱን ፊደላት በ7 ቤት ሲያባዛ 231 ላይ ይደርሳል። እንደ ቋና ጓ ያሉት ዲቃላ ፊደላት ገና አልተቆጠሩም፤ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት 20 አኃዞች፣ ሁለት ነጥቡ፣ ነጠላና ድርብ ሰረዙ፣ አራት ነጥቡም እንዲሁ። ስለ ኅትመት ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ማሽኑ ነው። ማሽን ግን ገንዘብ ያለው ሁሉ ከውጭ ገዝቶ ሊያስመጣው የሚችል ዕቃ ነው። የግዕዝ ፊደል ኅትመት በ500 ዓመት ጉዞው ደጋግሞ የተቸገረው እነዚህን ሁሉ ቅርጾች የሚቀርጽ፣ የሚለቅምና የሚያርም ሰው በማጣት ነው።

በእርሳስ ፊደል ዘመን ሥራው እንዲህ ነበር። የእያንዳንዱ ፊደል ቅርጽ መጀመሪያ በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ተገልብጦ ይቀረጻል። ዘንጉ መዳብ ላይ ሲመታ ጎድጓዳ ምስል ይተዋል፤ በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ እርሳስ፣ አንቲሞኒና ቆርቆሮ አብረው ቀልጠው ሲፈስሱ የሚለቀመው ፊደል ይወጣል። ፊደል ለቃሚው ረቂቁን ከፊቱ አድርጎ በክፍል በክፍል ከተከፋፈለው ሳጥን ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ይደረድራል፤ የደረደረውንም የሚያነበው እንደተገለበጠ ነው። እዚህ ላይ የግዕዝ ፊደል የራሱን ፈተና ያመጣል። በብዙዎቹ ፊደላት ካዕብና ሣልስ የሚለዩት ቅጥያዋ ከወገብ ወይም ከእግር በመውጣቷ ብቻ ነው። «ቅረቡ» ብሎ ሕዝብ የሚጠራ ማስታወቂያ በአንዲት ስህተት «ቅረቢ» ይሆናል። ሳድሱ ደግሞ በአማርኛ ከሁሉም ቤት ይበልጥ ስለሚደጋገም ክፍሉ ቶሎ ይራቆታል፤ ኃምሱ ግን ብዙም ሳይነካ ይቀመጣል። ከየፊደሉ ስንት ቁራጭ ማስፈሰስ እንደሚገባ ለማወቅ ቋንቋውን ማወቅ ግድ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ አታሚዎች ደግሞ ቋንቋውን በቅጡ አያውቁም ነበር። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ከተማ ካህን ሲሆን፣ ሮም ላይ የኢትዮጵያ ተሳላሚዎችን ዜማ ሰምቶ ቋንቋቸውን ለመማር የተነሳ ሰው ነው። ያስተማረው ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነበር። ፖትከን የተማረው ቋንቋ ከለዳዊ ነው ብሎ ስላመነ ለዓለምም በዚሁ ስም አስተዋወቀው። ስሙን ቢስትም ሥራውን አልተወም፤ እ.ኤ.አ. በ1518 ኮሎኝ ላይ መዝሙረ ዳዊትን በዕብራይስጥ፣ በግሪክ፣ በላቲንና በግዕዝ ጎን ለጎን አሳተመው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የተስፋ ጽዮን ታሪክ ነው፤ በእኔ ግምት በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ ከእሱ የሚበልጥ ታሪክ የለም። የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበር። አገሩ በግራኝ ጦርነት ስትታመስ በኢየሩሳሌም በኩል ሮም ገብቶ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው የሐበሾች ገዳም፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ከጓደኞቹ ጋር ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተመ። ችግሩ ከሁለት በኩል ነበር። የግብረ ሐዋርያት የግዕዝ ቅጂያቸው ጎደሎ ስለነበር አብዛኛውን ክፍል ከላቲንና ከግሪክ መልሰው መተርጎም ነበረባቸው። ፊደሉን የሚለቅሙት ጣሊያኖች ደግሞ ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፤ ማንበብ የሚችሉት መነኮሳት በበኩላቸው የኅትመትን ሥራ አያውቁም። ተስፋ ጽዮን ይህን አልሸሸገም፤ በመጽሐፉ መጨረሻ ለአንባቢው በግልጽ ተናግሮ ስለ ስህተቶቹ ይቅርታ ጠይቋል። መጽሐፉ ስህተት ይብዛበት እንጂ የአውሮፓ ሊቃውንት ለረጅም ዘመን የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን ያወቁት በእሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1657 ለንደን ላይ የወጣው ባለ ብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስም ግዕዙን አካቷል።

በቀጣዩ መቶ ዘመን የግዕዝ ፊደል በአውሮፓ የሊቃውንት መሣሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1626 ሮም ላይ የተቋቋመው የካቶሊክ ሚስዮን መሥሪያ ቤቱ የፕሮፓጋንዳ ፊዴ ማተሚያ ቤት ፊደሉን አስቀርጾ መዝገበ ቃላት እስከማውጣት ደረሰ። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያዊውን ሊቅ አባ ጎርጎርዮስን ጎታ ድረስ ጠርቶ ከእሳቸው ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1661 ለንደን ላይ የታተመለት የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ግን በሌላ ሰው እጅ አልፎ በስህተት ተሞልቶ ወጣ። ሉዶልፍ ዕድሜውን ሁሉ ይህ ሲያንገበግበው ኖሮ በእርጅናው ፍራንክፈርት ላይ ራሱ እየተከታተለ ሁለቱንም እንደገና አሳተማቸው። እ.ኤ.አ. በ1698 ያወጣው የአማርኛ ሰዋስው በዓይነቱ የመጀመሪያው ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን አላዩም፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ከሞቱ ቆይተዋል።

አማርኛ ለብዙ አንባቢ በሚሆን መጠን የታተመው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ካይሮ ላይ አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ ከፈረንሳዩ ቆንስል ከአስለን ጋር ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መልሶ ነበር፤ ረቂቁ ከ9,000 ገጽ በላይ ነው። የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዝቶት እ.ኤ.አ. በ1824 ወንጌሎቹን፣ በ1829 ሐዲስ ኪዳኑን፣ በ1840 መላውን መጽሐፍ ለንደን ላይ አሳተመ። ለኅትመት ያዘጋጀው ቶማስ ፔል ፕላት አማርኛን የተማረው ከመጽሐፍ ነው፤ አቡ ሩሚ ደግሞ መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ሞቷል። ተርጓሚው በሌለበት ማረም ምን ማለት እንደሆነ የኅትመት ሥራ የነካው ሁሉ ያውቀዋል።

ማሽኑ ራሱ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ የመጣው በሚስዮኖች እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የካቶሊክ ላዛሪስት ማኅበር ካህን ሎሬንዞ ቢያንኬሪ ምጽዋ ላይ አንድ አቋቋመ፤ በ1880ዎቹ የስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮን ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ላይ ሌላ ተከለ። ወደ መሀል አገር የገባው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ግሪካዊው አንድሪያስ ካቫዲያስ የጀመረው «አእምሮ» ጋዜጣ በመጀመሪያው ጊዜ በእጅ ይጻፍ ነበር፤ በሳምንት የሚወጣውም 24 ቅጂ ገደማ ነበር። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»ም እ.ኤ.አ. በ1908 የታተመው አገር ቤት ሳይሆን ሮም ላይ ነው።

ይህን የለወጠው በዋናነት አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በ1914 ዓ.ም. ያቋቋሙት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነው። በ1917 ዓ.ም. በዚያው ስም የሚወጣው ጋዜጣ ጀመረ። ደራሲው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤት ነበራቸው። ደራሲው፣ አሳታሚውና አታሚው አንድ ሰው የሚሆንበት ዘመን ነበር፤ ለአራሚነት ከዚህ የተሻለ ሁኔታ አይገኝም።

ከቤተ መንግሥቱ ክበብ ውጭ የቆመው ትልቅ ስም ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ናቸው። ፊደልን በእጃቸው እየጻፉ በመሸጥ ጀምረው የራሳቸውን ማተሚያ ቤት እስከማቋቋም ደርሰዋል። ሀ ሁን፣ አቡጊዳን፣ አኃዙንና የዮሐንስን መልእክት የያዘችው የፊደል ገበታቸው ስንት ሕፃን ፊደል እንዳስቆጠረች መገመት አይቻልም፤ የጸሎት መጻሕፍቱና የቀን መቁጠሪያውም በየቤቱ ገብተዋል። ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ዕድገት ሲጻፍ ልብ ወለዶቹ ይቆጠራሉ። እኔ ግን ያቺን ገበታ ከሁሉም አስቀድማታለሁ፤ እሷ ባትኖር ኖሮ ልብ ወለዱን ማን ያነበው ነበር?

በነዚህ አሥርት ዓመታት የገጹ መልክም ተለወጠ። ከብራና የተወረሰው ልማድ ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ሁለት ነጥብ ማስቀመጥ ነበር። ለፊደል ለቃሚ ይህ በየቃሉ አንድ ተጨማሪ ቁራጭ መልቀም ማለት ነው። ቀስ በቀስ ባዶ ቦታ ተካውና ዛሬ ሁለት ነጥብ በቃላት መካከል የሚታየው በአሮጌ ኅትመትና በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ነው። ቀይ ቀለም ግን የበለጠ ጸንቷል። ቁም ጸሐፊው ቅዱስ ስምን በቀይ እንደሚጽፍ ሁሉ የቅዳሴና የጸሎት መጻሕፍት አታሚዎችም ያንኑ ለመጠበቅ ሲሉ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ በማሽን ያሳልፋሉ። ይህ ወጪ ነው፤ ቢሆንም አልቀረም።

የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ደግሞ ፈተናው በሌላ መልክ ተነሳ። 250 ያህል ቅርጽ ከአርባ ጥቂት አለፍ በሚል ቁልፍ ላይ አይገባም። ከዚህ ሥራ ጋር ስማቸው የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደልን በታትኖ የመገጣጠም መንገድ ያዙ፤ ግንዱ በአንድ ቁልፍ፣ ቅጥያው በሌላ ይመታል። ፊደሉ ይነበባል፤ ውበቱ ግን የለም፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያነበበ ሰው ያስታውሰዋል። በዚሁ ምክንያት ፊደሉ ራሱ ይቀነስ የሚሉ ተነሱ፤ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ አንድ አንድ ይቅሩ አሉ። ክርክሩ ሳያልቅ መኪናው ራሱ ዘመኑ አለፈበት። ለማሽን ሲባል ፊደልን መቁረጥ ችኮላ መሆኑን ለማሳየት ይህ ብቻ የሚበቃ ይመስለኛል፤ ሌሎች ምክንያቶች ካሉ ግን ለየብቻቸው ሊመዘኑ ይገባል።

የጽሕፈት መኪና ትልቁን ሥራ የሠራው ከስቴንስልና ከማባዣ ማሽን ጋር ሆኖ ነው። ማተሚያ ቤቶች በሳንሱር ሥር በነበሩበት ጊዜ የተማሪዎች ንቅናቄ በራሪ ወረቀቶች በዚህ መንገድ ይባዙ ነበር፤ በአብዮቱ ዋዜማና ጅማሬ የወጡት የፖለቲካ ልሳኖች «ዴሞክራሲያ» እና «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»ም እንዲሁ። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ብዙ የሥነ ጽሑፍ ሥራዎችን ለሕዝብ አድርሷል፤ ቅድመ ምርመራው ግን አልተነሳም። የተነሳው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ነው። ጋዜጦች እንደ አሸን ፈሉ፤ አብዛኞቹን የሚያትመው ግን ያው አራት ኪሎ ያለው የመንግሥት ማተሚያ ቤት፣ ብርሃንና ሰላም ነበር። በ2004 ዓ.ም. ማተሚያ ቤቱ ሕግ ይጥሳል ያለውን ጽሑፍ ላለማተም መብት የሚሰጠው ውል ሲያቀርብ አሳታሚዎች ሳንሱር በጓሮ በር መጣ ብለው ጮኹ። አታሚ ሲጠብ ሐሳብም እንደሚጠብ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

ፊደል ለቃሚውን ከወንበሩ ያስነሳው ኦፍሴት ነው። ሥሩ ጀርመናዊው አሎይስ ዜነፌልደር እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ መጨረሻ ያገኘው የድንጋይ ኅትመት ነው፤ መርሁም ቅባትና ውሃ አለመስማማታቸው ነው። በቀጭን የአሉሚኒየም ፕሌት ላይ ጽሑፉ ያረፈበት ቦታ ቀለም ይይዛል፤ ባዶው ቦታ ውሃ ይዞ ቀለሙን ይመልሳል፤ ምስሉ መጀመሪያ ወደ ጎማ፣ ከጎማው ወደ ወረቀት ይሸጋገራል። ፎቶ ሊነሳ የሚችል ነገር ሁሉ ሊታተም ስለሚችል ዕንቅፋቱ የእርሳስ ፊደል ብዛት መሆኑ ቀረ። ዛሬ የሠርግ ጥሪ፣ ባነርና ቲሸርት የሚሠሩት ትንንሽ ማተሚያ ቤቶች በስክሪንና በዲጂታል ማሽን ይሠራሉ፤ ለትልቅ መጽሐፍና ለጋዜጣ ኦፍሴት አሁንም ዋናው ነው።

የፊደሉን ጥያቄ በኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ ያነሱት በአብዛኛው አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እነ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ የየራሳቸውን መጻፊያ ሠሩ፤ ዶክተር አበራ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም መሆናቸው ነገሩ ምን ያህል በፍቅር የተሠራ እንደሆነ ያሳያል። ከዚያ በየአቅጣጫው የፊደል ፕሮግራም በዛ፤ እነ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ፣ ብራና። ሁሉም የሚሠሩት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝን ምስል በማስቀመጥ ነበር፤ አንዱ «ለ»ን ያኖረበት ቦታ ላይ ሌላው «መ»ን ያኖራል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል ሲያካትት ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የማይለወጥ ቁጥር ተሰጠው። ቀጥሎ ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የፊደል መልክ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አቀረበ፤ አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉትም በነፃ መጡ።

የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ የተጋደመ ቅርጽም በባሕሉ የለም። ስለዚህ የፊደል ነዳፊ ቃልን ለይቶ ለማሳየት የሚቀረው ውፍረት ብቻ ነው፤ ወፍራሙ ሲታተም ደግሞ የ«ጭ» እና የ«ጩ» ውስጠኛ ክፍተት በቀለም ይደፈናል። ዛሬ በገበያው ላይ ያሉት የመጻሕፍት ፊደላት በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ አብዛኛው መጽሐፍ አንድ መልክ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ለአዲስ መልክ ምንጭ ሊሆን የሚችለው በሕይወት ያሉት ቁም ጸሐፊዎች እጅ ደግሞ ገና በደንብ አልተጠናም።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን ለዓይን አይታይም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. በአሮጌዎቹ ፕሮግራሞች የተለቀሙ መጻሕፍትና ጋዜጦች ፋይላቸው ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይሆናል። ወደ ዩኒኮድ የሚመልሱ መሣሪያዎች አሉ፤ ነገር ግን ዲቃላ ፊደላትና ሥርዓተ ነጥብ ላይ ይስታሉ፤ ስለዚህ ሰው ተቀምጦ ቃል በቃል ማመሳከር አለበት። ብዙ አሳታሚዎች ደግሞ የአራሚን ክፍያ ከወጪያቸው መጀመሪያ የሚቀንሱት ነገር አድርገውታል። መጽሐፉን እንደገና ለማሳተም የሚፈልግ ደራሲ ከድሮው ፋይል ይልቅ የታተመውን ቅጂ ይዞ ለጸሐፊ መስጠትና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደ አዲስ ማስለቀም ይቀለዋል።