መቶ ጊዜ ሲደመጥ አንድ ጊዜ እንደተሸጠ

እ.ኤ.አ. በ1984 የገና ሰሞን ዋም የተባለው የእንግሊዝ ቡድን «ላስት ክሪስማስ» የተሰኘ ነጠላ ዜማ አውጥቶ በብሪታንያ የዘፈኖች ሰንጠረዥ ላይ ሁለተኛ ሆነ። አንደኝነቱን የያዘው ለኢትዮጵያ ረሃብ ገንዘብ ለማሰባሰብ ባንድ ኤይድ በሚል ስም የተሰበሰቡ ዘፋኞች ያወጡት ሸክላ ነበር። የዋሙ ጆርጅ ማይክል በዚያኛውም ዘፍኗል፤ ቡድኑም የራሱን ዘፈን ገቢ ለዚሁ ረሃብ ሰጥቷል። «ላስት ክሪስማስ» አንደኛ የወጣው በጃንዋሪ 2021፣ ጆርጅ ማይክል ካረፈ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ አቆጣጠሩ ተለውጧል።

ሰንጠረዡ የተጀመረው በስልክ ነው። በኖቬምበር 1952 የኒው ሚውዚካል ኤክስፕረስ ጋዜጣ ባልደረባ ፐርሲ ዲኪንስ ወደ ሃያ ለሚሆኑ ሙዚቃ ቤቶች እየደወለ በሳምንቱ በብዛት የተሸጠውን ጠየቀ፤ መልሱን ደምሮ አተመው። የመጀመሪያው አንደኛ አሜሪካዊው አል ማርቲኖ ሆነ። ሌሎች ጋዜጦችም ተከተሉ፤ በአንድ ሳምንት ሁለት የተለያዩ «አንደኞች» ሊኖሩ ቻሉ። ቢቢሲና አንድ የንግድ መጽሔት በ1969 ወጪውን ተጋርተው ቆጠራውን ለገበያ ጥናት ድርጅት ሰጡ። ሙዚቃ ቤቶች ሽያጫቸውን በደብተር እየመዘገቡ በፖስታ ይልኩ ነበር። የትኞቹ ሱቆች እንደሚመዘግቡ የደረሱበት አሳታሚዎች ገዢ አስመስለው ሰው እየላኩ የራሳቸውን ሸክላ ያስገዙ ጀመር። በ1983 ምዝገባው ወደ ኮምፒውተር ዞረ።

ዛሬ የኦፊሻል ቻርትስ ኩባንያ ከዓርብ እስከ ሐሙስ ያለውን ሽያጭና በኢንተርኔት የተደመጠውን ሰብስቦ ዓርብ ውጤቱን ያሳውቃል። ሬዲዮ ላይ ስንት ጊዜ እንደተላለፈ አይቆጠርም። የአሜሪካው ቢልቦርድ ሬዲዮንም ይደምራል፤ እኔ ለብሪታንያው አደላለሁ፣ የሬዲዮ ምርጫ የአድማጩ ሳይሆን የአዘጋጁ ነውና።

አስቸጋሪው ነገር ማድመጥን ከሽያጭ ጋር ማወዳደር ነው። ሸክላ የገዛ ሰው አንዴ ይቆጠራል፤ ቤቱ ወስዶ ሺህ ጊዜ ቢያጫውተው ወይም አቧራ ቢያስበላው ሰንጠረዡ አያውቅም። በስልኩ የሚያደምጥ ግን በየዓመቱ ዲሴምበር በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ይቆጠራል። የገና ዘፈኖች ተመልሰው የሚነግሡት ለዚህ ነው። በ2014 መቶ ጊዜ መደመጥ እንደ አንድ ሽያጭ ይቆጠር ተባለ። በ2018 ደግሞ ከፍሎ የሚያደምጥና በነጻ የሚያደምጥ ተለዩ፤ ለከፋዩ 100፣ ለነጻው 600። የደሃ ጆሮ ስድስት እጥፍ መድከም አለበት ማለት ነው! ኩባንያው ግን የሚመዝነው ጆሮን ሳይሆን የሚገባውን ገንዘብ ነው።

በማርች 2017 ኤድ ሺራን አዲስ አልበም ሲያወጣ ከሃያዎቹ የላይኛ ደረጃዎች አሥራ ስድስቱን ብቻውን ያዘ። በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ዘፋኝ በዋና አቅራቢነት ከሦስት ዘፈን በላይ እንዳያስገባ ተደነገገ። ቆይቶ ማሽቆልቆል የጀመረ ዘፈንም የሚደመጥበት ብዛት ዋጋው በግማሽ እንዲቀነስ ተወሰነ፤ አዲሶቹ ቦታ እንዲያገኙ። በ2022 ግን የኬት ቡሽ የ1985 ዘፈን በአንድ ተከታታይ ፊልም ምክንያት እንደገና ሲፈነዳ ይኸው ደንብ ወደ ኋላ ጎተተው። ኩባንያው ቅነሳውን አነሣለት፤ ዘፈኑ በወጣ በ37 ዓመቱ አንደኛ ሆነ።